ቀለም የማይጠጣው ጀልባ

ዓለምወርቅ ሥራ ስትጠየቅ «አልችልም» ብላ አታውቅም። ከሆሳዕና ወጥታ ጆሃንስበርግ ከገባች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ሁለቱን ያሳለፈችው ግድግዳ ስትቀባ ነው። አጀማመሯ እንዲህ ነበር፦ ትሮይቪል የተከራየችው ክፍል ግድግዳው ሻግቶ ስላስቸገራት አከራይዋን «ቀለሙን ግዛልኝ እንጂ ራሴ እቀባዋለሁ» አለችው። ሰውየው ሥራዋን ሲያይ የጎረቤቷን ክፍል ሰጣት። ቀጥሎ ኮሪደሩን፣ ቀጥሎ የወንድሙን ቤት፣ እያለ እያለ ጸጉር ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ይጠራት ጀመር። ጣሪያ ትቀቢያለሽ ወይ ሲሏት አዎ ትላለች። የብረት በር? አዎ። ከዚያ ሄዳ ታየዋለች፣ የሚያውቅ ሰው ትጠይቃለች፣ ሠርታም ታስረክባለች። በዚህ ዓይነት ያሳፈራት ሥራ ገጥሟት አያውቅም ነበር።

እናም ባለፈው ነሐሴ አብዱልሀፊዝ ደውሎ «ዓለሜ፣ ጀልባ ትቀቢያለሽ?» ሲላት መሰላል ላይ ነበረች። በአንድ እጇ ብሩሽ ይዛ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ወትፋ፣ «እቀባለሁ ጋሼ» አለችው። ከመሰላሉ ወርዳ እጇን እየታጠበች ሳለ ነው ያለችው ነገር የገባት። ጀልባ በቅርብ አይታ አታውቅም። ተማሪ ሳለች አንድ ጊዜ ሐዋሳ ሄደው ነበር፤ ያኔም ቢሆን ከዳር ሆና የእንጨት ጀልባዎች ከሩቅ ሲንሳፈፉ ከማየት ያለፈ ነገር የለም።

አብዱልሀፊዝ የወራቤ ሰው ነው። በወጣትነቱ ቶኮዛ ውስጥ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ቤት ለቤት ሲሸጥ ኖሮ፣ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ከፈተ፤ አሁን ጄፒ መንገድ ላይ የጅምላ መደብር አለው። መደብሩን ሁለት ጊዜ የቀባችለት ዓለምወርቅ ናት። በዚያው ዓመት ከባለቤቱ ከነጂባ ጋር ቤኖኒ ውስጥ ግቢው ሐይቅ ላይ የሚያበቃ ቤት ገዝተው ነበር። ሻጩ ሽማግሌ ልጆቹ ዘንድ ሊኖር ወደ ባሕር ዳርቻ ሲሄድ ጀልባውን ጥሎት ሄደ። ጀልባው እንግዲህ ከቤቱ ጋር የመጣ ነው፤ ማንም አስቦ አልገዛውም።

ቅዳሜ ጠዋት አብዱልሀፊዝ ዕቃ በሚያመላልስባት፣ እዚያ ባኪ በሚሏት ፒክአፕ መኪና መጥቶ ከትሮይቪል ወሰዳት። ጀልባው ግቢው ጥግ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ትይዩ፣ አራት ጡብ ላይ ተደፍቶ ነበር። ርዝመቱ አራት ሜትር ቢሆን ነው። መልኩ ምን እንደነበረ አይለይም፤ ግማሹ ያረጀ ጥርስ ይመስላል፣ ግማሹ እንደ ኖራ ብን ብን ይላል፣ እዚህም እዚያም እንደ ጸጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አሉት። ዓለምወርቅ ግድግዳ እንደምትመረምር በጣቷ አንጓ ቆረቆረችው። ድምፁ የእንጨትም የቆርቆሮም አልሆነላት።

«ከምንድን ነው የተሠራው ጋሼ?»

«ፋይበርግላስ ነው ብሎኛል ሰውየው።»

«ብርጭቆ ነው ማለት ነው?»

«ግላስ ይላል እንጂ ብርጭቆስ አይደለም። ፕላስቲክ ነው መሰለኝ።» አብዱልሀፊዝም ቆረቆረው። ሁለቱም ጀልባውን ዞረው አዩት።

«ምን ቀለም ይሁንልህ?»

«ነጭ። ጥርት ያለ ነጭ።» ይህን ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ባኪዋ ከበሩ ወጥታ ሳትርቅ ነጂባ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። አምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ቀልጠፍ ያለች፣ ድምፀ ዝግተኛ ሴት ናት። «ነጭ አለሽ አይደል?» አለቻት።

«አዎ እትዬ ነጂባ።»

«ነጭ እንዳትቀቢው፣ አደራሽን። ዕቃ የማጥበው በዚህ መስኮት በኩል ቆሜ ነው። ነጭ ሆኖ ሲጋደም የተከፈነ ሰው ነው የሚመስለኝ። ሰማያዊ አድርጊው። ደግሞ ነጂባ አለች እንዳትዪው፤ ካንቺ የመጣ ይምሰል።»

ዓለምወርቅ ለባልየውም ለሚስትየውም እሺ ብላ አረፈችው።

ሰኞ ዕለት እዚያው ቤኖኒ ቀለም መደብር ገባች። እንግሊዝኛዋ ለሥራ የሚበቃ ነው፤ ቀለምና ብሩሽ፣ ጣሪያና ወለል ላይ አያሳፍራትም። ሻጩ ግን ጀልባ ነው ስትለው የጥያቄ መዓት አዘነበባት። ከውሃው መስመር በላይ ነው ወይስ በታች? ውሃ ውስጥ ነው የሚያድረው ወይስ ይወጣል? ባለ አንድ ቆርቆሮ ነው የምትፈልጊው ወይስ ባለ ሁለት? ጄልኮቱ፣ የፋብሪካው ልባስ፣ እንዳለ ነው ወይስ ሰው ቀብቶታል? ዓለምወርቅ ለሁሉም «የስ» አለች። ሰውየው ትንሽ አያት፣ ከዚያ ሌላ ደንበኛ ሲጠራው «ራስሽ ተመልከቺ» ብሎ ትቷት ሄደ።

መደርደሪያው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመች። ስማቸውን ማንበብ እንኳ የሚያዳግቱ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ሌላ ትንሽ ቆርቆሮ ታስሮባቸዋል። መጨረሻ ላይ ዓይኗ የምታውቀው የዘይት ቀለም ላይ ወደቀ። የብረት በር የምትቀባበት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የበርና የመስኮት ሥዕል አለው። በር ደጅ ቆሞ ዝናብ ሲመታው ይከርማል፣ አለች በልቧ። ዝናብም ውሃ ነው። ጀልባም ውሃ ላይ ነው። ታዲያ ምን ልዩነት አለው? ነጩንም ሰማያዊውንም ያዘች። ነጩ ከሥር ይገባል፤ ሰማያዊው ይደረብ አይደረብ ደግሞ ባልና ሚስቱ እስኪስማሙ ይቆያል።

ጀልባውን በሳሙና አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ቀባችው። ሮለሩ ባለፈበት ሁሉ ግን ያላየችው ነገር ሆነ፤ ቀለሙ ሸሸ። አንድ ቦታ ላይ ከተኛ በኋላ መሀሉ ይከፈትና ክብ ቀዳዳ ይሆናል፤ ቀዳዳው ደግሞ እንደ ዓሣ ዓይን ያፈጥባታል። ደገመችበት። ተዘጋ፤ ተመልሶ ሌላ ቦታ ተከፈተ። ቀለሙን ጠረጠረች፣ ብሩሹን ጠረጠረች፣ ብርዱን ጠረጠረች። በማግስቱ ወፍራም አድርጋ ስትደርብበት ግን ቀዳዳው ሁሉ ተሸፈነ። ከሩቅ ሲታይ ያበራ ነበር። አብዱልሀፊዝ ፎቶ አንስቶ ቶኮዛ ላሉት ዘመዶቹ ላከ።

በሳምንቱ ነጂባ ደወለች። «እህቴ፣ ጀልባው ቆዳውን እየገፈፈ ነው።»

ዓለምወርቅ ሄዳ ጥፍሯን ከቀለሙ ጠርዝ ሥር ብትሰድ እጅ የሚያህል ቅርፊት እንደ ወተት ስልባቦት ተነሥቶ መጣላት። ከሥሩ ያለው ገላ ምንም ቀለም ነክቶት የማያውቅ ይመስላል። ቅርፊቱን ይዛ ቆማ ሳለ አብዱልሀፊዝ ከኋላዋ መጣ።

«ምን ሆነ?»

«የመጀመሪያው ቅብ እንዲህ ነው ጋሼ» አለችው። «ተነሥቶ ነው ዋናው የሚቀባው።»

አብዱልሀፊዝ አመናት። ማመኑ ባሰባት። ታክሲ ተሳፍራ ወደ ትሮይቪል ስትመለስ፣ ያ ውሸት ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል በጆሮዋ ይመላለስባት ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጇን ሳምሪን አስቀመጠቻት። ሳምሪ እዚሁ ጆሃንስበርግ የተወለደች፣ ሃያ ዓመት የሆናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አማርኛዋ ከእናቷ የተማረችው ነው፤ የእናቷም አማርኛ ቢሆን ከሀዲይኛ ቀጥሎ የመጣ ነው። ሳምሪ በስልኳ ስለ ፋይበርግላስ ቀለም የሚያስረዳ ጽሑፍ አገኘችና ማንበብ ጀመረች።

«ማማ፣ መጀመሪያ ሰብስትሬቱን ፕሪፔር አድርጊ ይላል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከሥር ያለው ነገር ነው።»

«ከሥር ምን አለ?»

«እሱን አይልም።» ሳምሪ ጽሑፉን በጣቷ ወደ ታች ገፋች። «ከዚያ ፖት ላይፉን ዎች አድርጊ ይላል። የማሰሮው ዕድሜ ማለት ነው።»

«ማሰሮ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ኢሽ፣ ማማ፣ እኔ ቃሉን ነው የማውቀው፤ ነገሩን አላውቀውም።»

ዓለምወርቅ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ትዝ አላት። ከሁለት ዓመት በፊት ትልቅ ግቢ ውስጥ አጥር ስትቀባ፣ ባባ ማሴኮ የሚባል ሽማግሌ የዋና ገንዳውን ውስጡን ይህንኑ፣ ያኔ ስሙን ያልጠየቀችውን ፋይበርግላስ ያለብስ ነበር። ምሳ አብረው ይበሉ ነበር። ስልኩ አሁንም ስልኳ ውስጥ አለ። ደወለችለት፤ መጥቶ እንዲያየው ብትለምነውም ደረቱን ስለሚያመው መውጣት እንዳቆመ፣ ዳቬይተን ቤቱ ብትመጣ ግን ደስ እንደሚለው ነገራት። ሄደች። በረንዳው ላይ አስቀምጧት ታሪኩን ሁሉ ሳያቋርጣት ሰማ፤ እርሷ በእንግሊዝኛ፣ እርሱ እንግሊዝኛና ዙሉ እያቀላቀለ። በር የምትቀባበትን ቀለም እንደተጠቀመች ስትነግረው አልሳቀም። ከጓዳው የተሰበረ የፋይበርግላስ ቁራጭ አመጣና ውሃ አንጠባጠበበት። ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሆኖ ተቀመጠ።

«ሲሲ፣ ግድግዳ ይጠጣል» አላት። «ቀለሙን የሚይዘው ስለሚጠጣው ነው። ይሄ አይጠጣም። ይሄ የሚይዘው በተጫረበት ብቻ ነው። ደግሞ ሰም አለበት። አንቺ ሰም ላይ ነው የቀባሽው።»

«በሳሙና አጥቤዋለሁ እኮ።»

«ሰም ሳሙና አይፈራም። በሰም ማስለቀቂያ፣ በሁለት ጨርቅ ጥረጊው፤ አንዱ የረጠበ፣ ሁለተኛው ደረቅ። ረጥቦ እያለ በደረቁ ካላነሣሽው ሰሙን ከዚህ ወደዚያ ማዞር ነው ትርፉ። ሳትጠርጊ ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነኪው፤ ሰሙን ቁስሉ ውስጥ ታሺዋለሽ።»

«መልቀቁን በምን አውቃለሁ?»

«ውሃ አፍስሺበት። ዶቃ ከሠራ አልለቀቀም። እንደ ጨርቅ ከተዘረጋ ለቋል።»

ዓለምወርቅ ብዕር አውጥታ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈች። ባባ ማሴኮ ባለ ሁለት ቆርቆሮውን ቀለም እንድትገዛ ነገራት፦ አንደኛው ቀለሙ፣ ሁለተኛው ማጠንከሪያው፤ ሁለት እጅ በአንድ እጅ። ከተቀላቀለ በኋላ ጥቂት ሰዓት ነው ያለው፤ ከዚያ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ይሆናል። የማሰሮው ዕድሜ ማለት ያ ነው። ጥቁር ያለ ቀለም በፀሐይ ስለሚግል፣ የእጅ ስሕተትንም ሁሉ ስለሚያጋልጥ፣ ፈካ ያለ እንደሚሻል ነገራት። በመጨረሻም «ጀልባው ውሃ ውስጥ ነው የሚያድረው ወይስ ይወጣል?» አላት። ሻጩ የጠየቃት ጥያቄ ነው። ውሃ ውስጥ የሚከርም ከሆነ ሆዱ ሌላ ዓይነት ቀለም ይፈልጋል አላት።

ያንኑ ለአብዱልሀፊዝ ደውላ ጠየቀችው።

«ውሃ ላይ ነዋ፤ ጀልባ አይደል?»

«ያድራል ወይ ነው ያልኩህ ጋሼ።»

«በምን አውቃለሁ? እኔስ መቼ ጀልባ ነበረኝ? አውጥተን እናስገባዋለን ኢንሻአላህ።»

ዓለምወርቅ ይህንን «ይወጣል» ብላ ተረጎመችው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅዳሜና ሰኞ ቤኖኒ ነበረች። አሮጌውን ቅብ ፋቀች። በሁለት ጨርቅ ጠረገች፤ ውሃ አፈሰሰች፤ ዶቃ ሠራ፤ እንደገና ጠረገች። በአራተኛው ውሃው ተዘረጋ። ሻካራውን ብርጭቆ ወረቀት ካስነካች በኋላ በለዘበው ደገመችው። ጭንብልና መነጽር ብታደርግም የፋይበርግላሱ ብናኝ በእጅጌዋ ገብቶ ክንዷን ሲበላት ከረመ፤ ነጂባ በቀዝቃዛ ውሃ ስታስታጥባት «ይሄ ጀልባ ነው ወይስ ሳማ?» ትላት ነበር። ስንጥቆቹን በግድግዳ ስቱኮ ልትደፍን ቆርቆሮውን ከፍታ ሳለ፣ ስቱኮ እንደሚጠጣ ትዝ አላትና ከደነችው። ለእርሱም የራሱ መድፈኛ አለው። በዚህ ዕድሜዋ እጇ የሚያውቀውን ሁሉ እየተጠራጠሩ መሥራት አደከማት። አንዳንዴ ብሩሹን አንሥታ፣ የቱ ከእውቀቷ፣ የቱ ከስሕተቷ እንደሆነ ስለሚጠፋት መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ፕራይመር የሚሉትን የሥር ቅብ የቀባች ዕለት ደግሞ ነፋስ ተነሣ። የዚያ ሰሞን ነፋስ ከድሮ የወርቅ ማዕድን ክምሮች ቢጫ አቧራ ያነሣል፤ የረጠበው ፕራይመር ላይ እንደ በርበሬ ተነሰነሰበት። ሲደርቅ አሸዋ ሆነ። ሙልጭ አድርጋ አለሰለሰችና እንደገና ቀባችው። ሲያልቅ ግራጫ ሆኖ፣ ወጥ ሆኖ፣ ረግቶ ተቀመጠ። አብዱልሀፊዝ ዞሮ ዞሮ አየውና «በቃ ይሄ ያምራል፤ እንተወው» አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ የውስጥ ልብሱ ነው።»

የመጨረሻው ቅብ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ዓለምወርቅ ከመደብሩ የገዛችው ነጭ ባለ ሁለት ቆርቆሮና ከዚያው ዓይነት አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ነበር። መደብሩ ውስጥ የነበረው ሰማያዊ ጥቁር ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ ይግላል። ነጩን ብቻ ብትይዝ ነጂባ መስኮት ላይ ቆማ ታየቻት። እጇ ሄዶ ትንሿን ቆርቆሮ ያዘ እንጂ አስባበት አልነበረም። አከራዮች ሁሉ «ክሬም» ይሏታል፣ ክሬም ትቀባለች፤ ጸጉር ቤቱ ሮዝ ይላታል፣ ሮዝ ትቀባለች። ቀለም ምረጪ ያላት ሰው አልነበረም፤ የምትወደው ቀለም ይኑር አይኑር እንኳ አታውቅም ነበር።

ባልና ሚስቱ አብረው ወጡ። ዓለምወርቅ ቆርቆሮዎቹን ስትከፍት ነጂባ ነጩን አየች።

«ነጭ ነው እንዴ?»

«ነጭ ነው እንጂ ምን ሊሆን ነው?» አለ አብዱልሀፊዝ።

«ሰማያዊ ነበር የተባለው።»

«ማን አለ?»

ነጂባ ወደ ዓለምወርቅ አየች። አብዱልሀፊዝም ወደ ዓለምወርቅ አየ። ዓለምወርቅ የቆርቆሮውን ክዳን መሬት አስቀመጠች።

«አንተም ነጭ አልከኝ፣ እሷም ሰማያዊ አለችኝ። ለሁለታችሁም እሺ አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«መቼ ነው ያልሽው አንቺ?» አብዱልሀፊዝ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«የከፈን ጨርቅ መስኮቴ ላይ አልፈልግም አልኩ።»

«ከፈን? ጀልባ እኮ ነው።»

ሁለቱ በስልጢኛ ቀጠሉ። ዓለምወርቅ ጥቂት ቃል ይገባታል፤ ጭቅጭቁ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁም ነጂባ መጀመሪያውኑ ቤኖኒ መምጣት ትፈልግ ወይም አትፈልግ ወደነበረበት ሲሄድ ሰማች። ፀሐይ አጥሩን ልታልፍ ነው። ነጩን ወደ ንጹሕ ባልዲ ገለበጠችው። ከአረንጓዴው በማንኪያ ጨመረች፣ አማሰለች፤ አሁንም ጨመረች፣ አማሰለች። የጥቅል ጎመን የውስጠኛውን ቅጠል መልክ ሲይዝ አቆመች። ከዚያ ማጠንከሪያውን ለካችና ጨመረች።

«ተቀላቅሏል» አለቻቸው። «ከዚህ በኋላ መመለስ የለም። ጥቂት ሰዓት ነው ያለው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በሮለር ይቀባል፣ ሌላው ወዲያው ተከትሎ በብሩሹ ጫፍ ያስተካክላል። ሳምሪ ፈተና ላይ ናት።»

ጭቅጭቁ ቆመ። አብዱልሀፊዝ ባልዲው ውስጥ አየ። ነጂባም አየች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና «እስቲ ብሩሹን ስጪኝ» አለች።

ዓለምወርቅ ከፊት በስሱ በሮለር እየዘረጋች፣ ነጂባ ከኋላ ብሩሹን ሳትጫን፣ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ እየሳበች ሄዱ። «እንደ ሕፃን ፊት ነው የምታብሺው» አለቻት ዓለምወርቅ። ነጂባ አምስት ልጅ አሳድጋለች፤ ገባት። ግራው ጎን እንደ ረጋ ውሃ ሆነ። ቀኙን ሲጀምሩ ግን ፀሐይ ደረሰችባቸው፤ ቀለሙ ብሩሹን ይጎትት ጀመር፤ የጸጉሩ መስመር ሳይጠፋ ደረቀ። አብዱልሀፊዝ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ጥላ ሊሆንላቸው ቆመ፤ ክንዱ እየዛለ ብርድ ልብሱ ቀለሙን ሊነካ ሲል ነጂባ ትቆጣዋለች። ሁለተኛውን ቅብ በማግስቱ ማለዳ ደገሙት። የቀኙ ጎን መስመሮች ቀነሱ እንጂ አልጠፉም። ዓለምወርቅ እነርሱን ብቻ ነበር የምታየው።

ሲደርቅ አብዱልሀፊዝ ለሰው ሁሉ «ነጭ አስቀባሁት» ይል ነበር። ነጂባ «አረንጓዴ ነው» ትላለች። ጀልባው ታኅሣሥ ላይ ሐይቅ ገባ።

ጥር ላይ ቤተሰቡ ወራቤ ሄደ። የካቲት ሲመለሱ አብዱልሀፊዝ ዓለምወርቅን ጠራት። ጀልባው ከሣር ላይ ተገልብጦ ነበር። ጎኖቹ ደህና ናቸው፤ ሆዱ ግን አረፋ አረፋ አውጥቷል፤ አንዳንዱ አረፋ እንደ ባቄላ፣ አንዳንዱ እንደ ዕንቁላል። አንዱን ስትጫነው ውሃ ወጣው።

«ስትሄዱ የት ነበር?»

«ውሃው ላይ አስሬው ሄድኩ። አምስት ሳምንት።»

ዓለምወርቅ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ሞከረች፣ አቃታት። ያድራል ወይ ብላ ጠይቃዋለች። እርሱም መልስ ሰጥቷታል። ግን መልሱ መልስ እንዳልነበረ ያኔም ታውቅ ነበር፤ የፈለገችውን ሰምታ ሄደች። «ጋሼ» አለችው፣ «ነሐሴ ላይ የተገፈፈው ቅብ... እንዲህ ነው የሚደረገው ያልኩህ ውሸቴን ነው። ጀልባ ቀብቼ አላውቅም ነበር። በር የሚቀባበትን ነው የቀባሁት።»

አብዱልሀፊዝ አጠገቧ ቁጢጥ አለና አንዱን አረፋ በአውራ ጣቱ ተጫነ። «አውቄያለሁ» አለ። «ቆርቆሮው ላይ የበር ሥዕል ነበረበት እኮ። እንዲህም ይሆናል መሰለኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኔም ጀልባ የማውቅ መስዬ ነበር የማናግርሽ።»

እንዳወቀ ስድስት ወር ዝም ማለቱ ደግነት ይሁን ሌላ ነገር፣ ታመስግነው ወይስ ትቆጣው፣ አላወቀችም። ባባ ማሴኮ ዘንድ እንደገና ሄደች፤ መጋቢትን ሙሉ ሆዱን ፍቃ፣ አድርቃ፣ ውሃ የማያሳልፈውን ቅብ ከሥር፣ ውሃ ውስጥ የሚከርመውን ከላይ አድርጋ ጨረሰችው። ነጂባ በየቅዳሜው ሳትጠራ መጥታ ብሩሹን ትይዝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ አብዱልሀፊዝ «አንድ ቀን እንኳ ሳትሳፈሪበት?» ብሎ ለመናት። ዋና አትችልም፤ እርሱም አይችልም። ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰው ገቡ። ነጂባ ገመዱን ፈትታ ገፋቻቸው። አብዱልሀፊዝ ቀዘፈ፤ ቀኝ እጁ ከግራው ስለሚበረታ ጀልባው ወደፊት ሳይሆን ክብ ሠራ። ግራውን ሲያበረታ በሌላው በኩል ዞሩ። ዓለምወርቅ ጠርዙን ጨምድዳ ይዛ፣ ዳር ያሉት ዛፎች፣ አጥሮች፣ ጣሪያዎች በፊቷ ሲያልፉ አየች። ውሃው ውስጥ እጇን ሰደደች፤ ከጠበቀችው በላይ ይቀዘቅዛል።

ጥቂት ከራቁ በኋላ አብዱልሀፊዝ መቅዘፊያውን አቁሞ ላቡን ጠረገ። «በቃ እንመለስ። ቤታችን የትኛው ነው?»

ዓለምወርቅ ዳር ዳሩን ቃኘች። ቤቶቹን ሁልጊዜ ከመንገዱ በኩል ነበር የምታውቃቸው፤ ከውሃው በኩል ሁሉም ሣር አለው፣ ሁሉም መስኮት አለው። «ነጂባ የቆመችበት ነዋ» አለች። ሻሽ ያደረጉ ሁለት ሴቶች ግን በሁለት ግቢ ቆመው ታዩአት። ከሩቅ አይለዩም።

«የግራዋ ናት» አለ አብዱልሀፊዝ።

«የቀኟ አትመስልህም?»

አንደኛዋ እጇን አወዛወዘች። ሌላዋም አወዛወዘች። አብዱልሀፊዝ መቅዘፊያውን አንሥቶ በሁለቱ ሴቶች መሀል ወዳለው ዳር ቀዘፈ፤ ቀረብ ሲሉ እንደሚለይላቸው ተስማምተው።